ሲሊኮን የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ጥገና

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ከወሎ ናቸው። ሦስቱ ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ። አራቱም የሚጠይቁት ስለ ሙቅ ውሃ ነው። አይገርምም። ጦሳ ተራራ ሥር አድሮ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋበት ጀግና ካለ እጁን ያውጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፣ ብዙ ሰው ብሩን የሚከስረው እዚያ ላይ ስለሆነ። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እላለሁ።

ጥያቄ 1

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሮቢት አካባቢ ነው። ባለፈው ሳምንት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ውሃውን እዚያው በዚያው የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር አስገጠምን። ካርቶኑ ላይ 5.5 ኪሎ ዋት ይላል። ሠራተኛው ቀልጣፋ ነው፣ በግማሽ ቀን ጨረሰ። የሻወሩን ሳጥን ዙሪያውን በነጭ ሲሊኮን ለጥፎ «እስከ ነገ አትንኩት» ብሎን ሄደ። ቀሪ ብር ስላለው ቅዳሜ ይመጣል። ትናንት ግን ከሻወር ቤቱ ጀርባ ባለው መኝታ ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን፣ ግድግዳው ላይ ሰሃን የምታክል እርጥብ ነገር አየሁ። ባለቤቴ «የብርዱ እርጥበት ነው፣ ተይው» ይላል። አማቴ ደግሞ «ሲሊኮን ይጨመርበት» ይላሉ። ማን ነው ልክ? ቀሪውን ብር ከመስጠቴ በፊትስ ምን ምን ልይ?

መልስ

አብሽሪ እህቴ። ገና በሳምንቱ አይተሽዋል፣ ቀሪው ብርም እጅሽ ላይ ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ባለቤትሽ ልክ ሊሆን ይችላል። አማትሽ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ልክ አይደሉም። ሲሊኮን ከውጭ የሚረጨውን ውሃ ያግዳል። ከቧንቧ በግፊት የሚወጣውን ግን አያግድም፣ ይደብቀዋል እንጂ። ውሃ በፊት ለፊት መውጫ ሲያጣ በኋላ ይፈልጋል። ከኋላ ደግሞ ያንቺ ቁም ሳጥን ነው ያለው።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በዚሁ ተሞኝቻለሁ። የሻወር ቤቴ ግድግዳ በረጠበ ቁጥር ሲሊኮን እገዛለሁ፣ እቀባለሁ፣ ሦስት ቀን ደህና ይሆንና እንደገና ይረጥባል። ሦስት ጊዜ ቀባሁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ባለሙያ መጥተው ሲሊኮኑን በሙሉ ገፈው ጣሉት፣ ሳጥኑን ከፈቱት፣ ከውሃ መግቢያው ላይ አንዲት ጥቁር ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቀለበት፣ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አንድ ጠርዟ ታጥፎ ነበር። ሲያጠብቁት ተጨፍልቃ፣ ልክ በጥፍር ተቆንጥጣ እንደቀረች ሰንበር ይዛለች። ያቺ ናት ለወራት ያስለቀሰችኝ።

ስለዚህ ሲሊኮኑን ለጊዜው እንርሳው። መጀመሪያ ዛሬውኑ የሻወሩን ብሬከር አጥፊ። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ እያለ መታጠብ የለም፣ ሁለት ሦስት ቀን በባልዲ ታጠቡ። ከዚያ እርሳስ አምጪና የእርጥቡን ዳርቻ ዙሪያውን አስምሪበት። ቀንና ሰዓቱንም ጻፊበት። ግድግዳው ይበላሻል ብለሽ አትሳሺ፣ ለማንኛውም ቀለም መቀባቱ አይቀርም። በማግስቱ እርጥቡ ከመስመሩ አልፎ ከሆነ እየጨመረ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ እየደረቀ ነው። በዓይን ብቻ ካየሽው ግን አንቺ ጨምሯል ትያለሽ፣ ባለቤትሽ ቀንሷል ይላል፣ ቅዳሜ ይደርሳል።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው። ቧንቧው፣ ቀዳዳው እና ብርዱ።

ብርዱን መለየት ቀላል ነው፣ ከእሱ እንጀምር። ምግብ የሚጠቀለልበትን ፎይል እጅ በሚያክል መጠን ቁረጪና እርጥቡ አጠገብ፣ ገና ያልረጠበው ቦታ ላይ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግጥም አድርገሽ ለጥፊው። አንድ ቀን ይቆይ። ሲነጋ ላቡ ከላይ፣ በክፍሉ በኩል ባለው የፎይል ፊት ላይ ከሆነ፣ ውሃው ከክፍሉ አየር ነው የመጣው፤ ባለቤትሽ ረትቷል ማለት ነው፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው ትንሽ አርቁት። ላቡ ከሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ጠጥቷል። ያኔ ወደ ሁለቱ ተጠርጣሪዎች እንለፍ።

ቧንቧ ሲያፈስ ሰው መታጠቡን አይጠብቅም። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ እስከ መዝጊያው ቫልቭ ድረስ ሌሊትም ቀንም ግፊት አለበት። እዚህ ላይ ደሴ መኖርሽ ጠቀመሽ። ሰፈርሽ ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነና ሻወሩ በቀጥታ ከመስመሩ የሚጠጣ ከሆነ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን እርጥቡ ሰፍቶ በማይመጣበት ቀን ከጠበበ ነገሩ አለቀ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም። ሻወሩ ከሮቶ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ማታ ከሮቶው ሥር ያለውን ቫልቭ ዝጊና ለሁለት ቀን የእርሳሱን መስመር ተከታተይ።

ከመስመር ለሚጠጣ ቤት ሌላም አለ። ውሃ ባለበት ሰዓት የቤቱን ሩቢኔት ሁሉ ዝጊ፣ የሽንት ቤቱንም፣ ወደ ሮቶ የሚሄደውንም። ቆጣሪው ላይ አንዲት የምትሽከረከር ትንሽ ኮከብ መሳይ ወይም ሦስት ማዕዘን ነገር አለች። እሷንና ቁጥሩን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ አንሺ። ማንም ሳይከፍት ከተንቀሳቀሰች የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳው ነው። ቧንቧውና ገመዱ ከግድግዳው የሚወጡበት ቀዳዳ ካልተደፈነ፣ ስትታጠቡ የሚረጨው ውሃ በዚያ ይገባል። ይሄ እርጥበት ከታጠባችሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ሳትታጠቡ ከዋላችሁ ይደርቃል። ችግሩ ግን ከመዝጊያው በኋላ ያለ መጋጠሚያ ሲያፈስም ምልክቱ ይኸው ነው፤ እሱም የሚያፈሰው ሻወሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ለይተሽ ሞክሪ። ብሬከሩ እንደጠፋ የሻወሩን እጀታ ባልዲ ውስጥ አስገቢና፣ ግድግዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይረጭ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ሩብ ሰዓት ልቀቂው። ባልዲው ሲሞላ ወለሉ ላይ ድፊና ቀጥይ፣ ወይም ለልብስ አጠራቅሚው። ግድግዳው ከረጠበ መጋጠሚያው ነው። ካልረጠበ በማግስቱ ውሃውን ዘግተሽ፣ በጆግ ከሳጥኑ በታች ያለውን ሴራሚክና የቧንቧውን ዙሪያ እያጠብሽ ሞክሪ። ሳጥኑ ላይ ግን አትድፊ። ያኔ ከረጠበ ቀዳዳው ነው፣ ወይም በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ነጭ ሲሚንቶ ተሰንጥቋል።

ቤትሽ ብሎኬት ይሁን ጭቃ አልነገርሽኝም። ደሴ ውስጥ ደግሞ ሴራሚክ የለበሰ ጭቃ ቤት ሞልቷል፣ ከፊት ሲያዩት አይለይም። ጭቃ ከሆነ አንድ ቀንም አትዘግዪ። ብሎኬት ውሃ ጠጥቶ ይደርቃል፤ ጭቃና ጭድ ግን ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። ሳጥኑን የያዘው ፊሸር ቀድሞ ይላላል። ሳጥኑን በሁለት እጅሽ ቀስ ብለሽ ያዢና ይወዛወዝ እንደሆነ እዪ፣ ብሬከሩ ጠፍቶ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ሠራተኛው ሲመጣ ቡና አፍልተሽ ተቀበዪው፣ አትጣዪው። ግን «እስኪ አብረን ክፈተውና አሳየኝ» በይው። አዋቂ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ከሆነ ያው መልሱን አገኘሽ።

ብሬከሩ መጥፋቱን እሱ ራሱ በቴስተር ያረጋግጥ። ከዚያ ሲሊኮኑን በከተር ይግፈፈውና ክዳኑን ይፍታ። አንቺ የምታዪው ጥቂት ነገር ነው። አንደኛ የውሃ መግቢያው። መጋጠሚያው ውስጥ ጎሚኒ ካለ ውሃውን የምትይዘው እሷ ናት፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን መከመር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቴፍሎኑ ጎሚኒዋ በደንብ እንዳትቀመጥ ያደርጋል። ጎሚኒ በሌለበት በጥርስ ብቻ በሚገጥም ቦታ ግን ቴፍሎን ያስፈልጋል፣ የሚጠቀለለውም ዕቃው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲያጠብቁት ተገፍፎ ይወጣል፣ ነጭ ጭራው ተንጠልጥሎ ታዪዋለሽ። ሌላው ስህተት ጉልበት ነው። መግቢያው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ በትልቅ ቺያቬ ሲታገሉት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ፀጉር ስለሚያክል በዓይን አይታይም።

የማይታየውን የሚያሳየው ሶፍት ነው። መጋጠሚያውን በጨርቅ ድርቅ አድርጎ ይጥረገው። ደረቅ ሶፍት ይጠቅልልበትና ውሃው ይከፈት፣ ኤሌክትሪኩ ግን አሁንም ጠፍቶ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ቡናው ሁለተኛው ይደርሳል። ሶፍቱ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል እርጥብ ነጥብ ከታየች መጋጠሚያው ያፈሳል ማለት ነው። «ትንሽ ናት፣ ራሷ ትደፈናለች» ካለሽ አትስሚው። በደቂቃ አሥር ጠብታ የምትጥል መጋጠሚያ በቀን 14,400 ጠብታ ትጥላለች፣ ይህ ወደ 0.7 ሊትር ነው። በየቀኑ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ግድግዳሽ ውስጥ እየደፋሽ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ መዝጊያው የት እንዳለ እዪ። እንዲህ ዓይነቱ ሻወር በአብዛኛው መውጫው ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንዲሠራ ነው የተፈበረከው። ስለዚህ የሚከፈተውና የሚዘጋው ውሃው ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ለእጅ እንዲመች ብሎ መዝጊያውን ከሳጥኑ በኋላ ያደርገዋል፣ ወይም ቁልፍ ያለው የሻወር እጀታ ይገጥምበታል። ያኔ ውሃውን ስትዘጊው ሙሉው የመስመር ግፊት፣ ሌሊት ሲበረታ ጭምር፣ ያቺን የፕላስቲክ ማሞቂያ ሲያስጨንቃት ያድራል። ከግፊት ማስተንፈሻዋ ይተነፍሳል ወይም ይሰነጠቃል። «አዲስ ነበር፣ በወሩ ፈነዳ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የሻወሩ ራስ ቀዳዳዎች በዝቃጭ ሲደፈኑም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ስለሚመጣ መጀመሪያ በሌላ ሩቢኔት አስኪዱት፣ በመግቢያው ላይ ያለችውንም ትንሽ ማጣሪያ አልፎ አልፎ እጠቡ።

ሦስተኛ ገመዱ። 5.5 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ከምጣድሽ አይተናነስም። ለብቻው ከብሬከር ሳጥኑ የተሳበ መስመር ይፈልጋል፣ ገመዱም 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ከዚያ አይውረድ፣ መስመሩ ረጅም ከሆነ 6 ይሁን። ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 አይችለውም፣ ይግላል። ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ማሰሪያ በብሎን የታሰረ እንጂ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መሆን የለበትም። ቢጫና አረንጓዴው የምድር ሽቦ ታስሯል ወይስ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል? እሱን በዓይንሽ እዪው፣ በቃል አትመኚ። ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ፣ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ከሌለ ጨምሪበት፣ ከሻወሩ ዋጋ ላይ ለዚህ አትስገብገቢ።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ሙቀቱ የሚሞከረው። ቅደም ተከተሉም መቼም አይገለበጥ። መጀመሪያ ውሃው ይከፈት፣ እያስነጠሰ አየሩን ያስወጣ፣ ያለማቋረጥ መውረድ ሲጀምር ብቻ ብሬከሩ ይነሳ። ውሃ ሳይኖር ከበራ ማሞቂያው በሰከንዶች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

በመጨረሻ ሲሊኮን። አየሽ የት እንደደረስን? መደፈን ያለበት ቧንቧውና ገመዱ ከግድግዳው የሚወጡበት ቀዳዳ ነው፣ እሱም ከሳጥኑ ጀርባ ነው። ሳጥኑ ራሱ ዙሪያውን አይታሸግም። አንዳንድ አምራቾች ጭራሽ አትቀቡ ይላሉ፣ መመሪያውን እዪና እንዲያ ካለ እሱን ስሚ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሳጥኑ ጀርባ የሚጠራቀም ላብ መተንፈሻ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር ቢያፈስም ከታች ጠብ ብሎ ይታይሽ። ያንቺ ሠራተኛ አራቱንም ጎን ሲዘጋ ውሃውን ወደ መኝታ ክፍልሽ መራው።

ሲሊኮን ደረቅና ንጹህ ቦታ ይወዳል። እርጥብ ላይ፣ ሳሙና ባለበት ላይ፣ በአሮጌ ሲሊኮን ላይ አይዝም፤ በማግስቱ እንደ ገመድ ተስቦ ይወጣል። አሮጌው ሙልጭ ተደርጎ ይነሳ። ሻጋታ የሚቋቋመውን፣ ለሻወር ቤት የተባለውን ግዙ። ከተቀባ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ አይንካው፣ ደሴ ብርዱ ስላለ ትንሽ ቢጨመርለት ይሻላል።

ግድግዳው ግን ወዲያው አይደርቅም። እርሳስሽን አታርቂ፣ መስመሩ ለሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ውስጥ እየጠበበ ከሄደ ተሳክቷል። ቀሪውን ብር ቅዳሜ ሙሉውን ትሰጪዋለሽ ወይ? እኔ ብሆን ሶፍቱ ደረቅ ከወጣ አብዛኛውን ሰጥቼ ትንሹን ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀራለሁ፣ እሱንም ፊት ለፊት ተነጋግሬ።

ጥያቄ 2

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጡረተኛ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ልጆቼ የ50 ሊትር ቦይለር አስገጠሙልኝ። ውሃ ሲያሞቅ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቫልቭ ጠብ ጠብ ይላል። ታናሹ ልጄ ተናዶ በቡሽ ደፈነው። አሁን አይንጠባጠብም፣ እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ልክ ነው ያደረገው?

መልስ

ጋሼ፣ ልብዎ እውነቱን ነግሮዎታል። ቡሹን አሁኑኑ ያስነሱት፣ ከማስነሳትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ፣ ውሃውም ይቀዝቅዝ። ልጁን አይቆጡት፣ ያላወቀ ሰው ሲንጠባጠብ ካየ ይደፍናል።

ያቺ ቫልቭ የቦይለሩ ትንፋሽ ናት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ሲወጣ ወደ 0.8 ሊትር ይጨምራል። በርሜሉ ደግሞ ብረት ነው፣ አይለጠጥም። ትርፉ ውሃ መሄጃ ያስፈልገዋል፣ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ቫልቯ ስለምታግደው በታች በኩል ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሲያሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ካለና ሲቀዘቅዝ ካቆመ ጤነኛ ነው። መውጫዋ ሲደፈን ግፊቱ በርሜሉ ላይ ይቀራል። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ማሞቁን ካላቆመ ደግሞ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል፣ ግድግዳም ጣሪያም ይዞ ይሄዳል።

ጠብታው ካስቸገረዎ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገጥመው ወደ ታች ወደ ውሃ መውረጃው ያውርዱት፣ ጫፉ ግን ክፍት ይሁን፣ ውሃ ውስጥም አይነከር። ቫልቯ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ በየወሩ አንዴ ከፍ ያድርጓት፣ ውሃ ፈሰስ ብሎ ሲዘጋ ትሠራለች ማለት ነው። የሚወጣው ውሃ ትኩስ ነውና እጅዎን ያርቁ። ማሞቂያው ጠፍቶም ቀን ሙሉ የምትንጠባጠብ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ወይ ቆሻሻ ገብቶባት አትገጥምም፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ያኔ ባለሙያ ግፊት መቀነሻ ያስገባልዎታል።

ጥያቄ 3

እኔም እህቴም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሻወር ነው የገዛነው፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን። የእሷ ኮምቦልቻ ላይ ያቃጥላል። የኔ ደሴ ላይ ለብ ብቻ ይላል፣ ማታማ ጭራሽ። ሸውደውኝ ነው?

መልስ

አልሸወዱህም፣ በመካከላችሁ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው የሸወደህ። ከአንተ ቤት ወደ እህትህ ቤት ስትወርድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትሄዳለህ፣ ውሃውም አብሮ ይሞቃል።

5.5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በደቂቃ 4 ሊትር ሲያልፍበት ውሃውን 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚጨምርለት። ለምሳሌ እህትህ ጋ ውሃው በ21 ዲግሪ ቢገባ በ41 ይወጣል፣ ደስ የሚል ሙቀት። አንተ ጋ በ13 ቢገባ በ33 ይወጣል፣ ከሰውነትህ በታች ነውና ይበርድሃል። መፍትሔው ውሃውን መቀነስ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ካደረግከው ጭማሪው ወደ 26 ዲግሪ ይደርሳል፣ 39 አገኘህ። ለመለካት ባለ 1 ሊትር ጆግ ያዝና በ20 ሰከንድ እንዲሞላ አድርገህ መዝጊያውን አስተካክል። በጣም ከቀነስከው ግን ሻወሩ ራሱን ያጠፋል።

የማታው ደግሞ የቮልቴጅ ነገር ነው። ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ቢወርድ ማሞቂያህ አንድ አራተኛ ኃይሉን ያጣል። ጠዋት ወይም ከሰዓት ታጠብ። ቅዳሜና እሁድ እህትህ ጋ ውረድ ልልህ ነበር፣ ግን የትራንስፖርቱ ነገር አለ።

ጥያቄ 4

ደሴ ተከራይ ነኝ፣ ሸርፍ ተራ አካባቢ። አከራዬ አዲስ ሻወር አስገጠሙ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን የብረቱን ሩቢኔት ስነካ ጣቴን ይነዝረኛል፣ በትንሹ ነው። ስነግራቸው «የላስቲክ ጫማ አድርገህ ታጠብ» አሉኝ። ይሆናል?

መልስ

አይሆንም ወንድሜ። በፍጹም። ጫማው ውስጥ ውሃ አለ፣ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ አንተም ራስህ እርጥብ ነህ። ዛሬ በትንሹ የነዘረህ ነገር ነገ ማሞቂያው ሲሰነጠቅ በትንሹ ላይሆን ይችላል።

ብሬከሩን አጥፋና ማንም እንዳይነካ ወረቀት ለጥፍበት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የምድር ሽቦ አለመኖሩ ነው። ቤቱ ድሮ ሲሠራ የምድር ሽቦ አልተዘረጋለትም፣ ሻወሩ ሲገጠምም ቢጫና አረንጓዴዋ ገመድ የምትታሰርበት አጥታ ተቆርጣ ቀረች። አንዳንዱ ሠራተኛ ከቧንቧው ጋር ያስራታል፤ የድሮ ብረት ቧንቧ ቢሆን እንኳ ትክክል አልነበረም፣ ዛሬ ደግሞ መስመሩ በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ዋጋ የለውም። መዳብ የለበሰ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ከእሱ እስከ ሻወሩ ሽቦ መዘርጋት አለበት፣ የሊኬጅ ብሬከርም ይጨመር። ይሄ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፣ ራስህ አትሞክረው።

አከራይህን ስታናግራቸው ስለ ጫማው አትከራከራቸው። «እትዬ፣ እርስዎም ቢነዘሩ ብዬ ሰግቼ ነው» በላቸው፣ ከሁሉ ይሻላል። ወጪውን ለመጋራትም ከፈለግህ ያንተ ጉዳይ ነው፣ ግዴታህ ግን አይደለም። እስከዚያ ድረስ ውሃህን በድስት አሙቀህ፣ ባልዲ ላይ ቀላቅለህ፣ በጆግ ታጠብ።